መጀመሪያ ገመዱን ቀይር

ቆይ ወንድም ዓለም፣ ኮዱን አትንካው። ደጋግመህ «አፕሎድ» ብለኸዋል፣ ደጋግሞም ያንኑ ቀይ ጽሑፍ መልሶልሃል። እስኪ አንብበው ምን እንደሚልህ። ፖርቱን መክፈት አልቻልኩም ነው የሚልህ። ኮድህን ገና አላየውም። ሰርዘህ ብትጽፈው፣ ላይብረሪ ብትቀይር፣ እስኪነጋ ብታፈጥበት እዚያው ነህ፤ ነገሩ የቆመው ኮዱ ጋ ሳይደርስ ነውና። እጅህን ከኪቦርዱ አንሳ፣ ገመዱን ንቀል፣ ሌላ ገመድ አምጣ።

«ገመዱማ ይሠራል፣ ስልኬን ቻርጅ አድርጌበታለሁ» ልትለኝ ነው። እመጣበታለሁ። መጀመሪያ ግን ለምን እንዲህ እንደማጠብቅብህ ስማኝ።

ይህ የብርድ መለኪያ ሳጥንህ ወደ ሰሜን ተራሮች፣ አምባራስ ነው የሚወጣው። ደባርቅ ላይ ገመድ ቢበላሽብህ ሱቅ ወርደህ ትገዛለህ። ድራይቨር ቢጎድልህ ኔትወርክ እስኪመለስ ጠብቀህ ታወርዳለህ። ቢቸግርህ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በጠዋቱ መኪና ይዘህ፣ በዳባት አልፈህ፣ ፒያሳ ያሉትን ሱቆች አስሰህ ትመለሳለህ። አምባራስ ላይ ይህ ሁሉ የለም። ወደ ጃናሞራ የሚያልፍ መኪና ለምነህ፣ በሳንቃ በር በኩል ከ3,000 ሜትር በላይ ወጥተህ፣ ጣትህ በብርድ ደንዝዞ ነው ላፕቶፑን የምትከፍተው። ማሳቸው ዳር እንድትተክል የፈቀዱልህ አባት ሥራቸውን ትተው ከጎንህ ቆመው ይጠብቁሃል። እሳቸው ፊት «ፖርቱ አልታይ አለኝ» ብለህ እንድትመለስ አልፈልግም። በጥቅምትና በኅዳር ሰማዩ ጠርቶ ያደረ ዕለት ውርጭ ባቄላውንና ድንቹን እንዴት እንደሚያደርገው አብረን ያየነው ነገር ነው። ሙቀቱ ወርዶ 2 ዲግሪ ሲደርስ ስልካቸው ላይ መልእክት ቢገባ ቢያንስ የድንች መደቡን በገለባ ሸፈን ያደርጉታል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የሰሜንን ብርድ በቁጥር መያዝ ደግሞ ካንተ አልጀመረም። ስዊዘርላንዳዊው ሐንስ ሁርኒ እ.ኤ.አ. ከ1975 እስከ 1977 የሰሜን ተራሮች ፓርክ ኃላፊ ሆኖ እዚህ ሠርቷል፤ ስለ ሰሜን የአየር ጠባይና ስለ ከፍታ ቀጠናዎቹ በ1982 መጽሐፍ አሳትሟል። ያንተ ልዩነቱ ቁጥሩን ለባለማሳው በዚያው ሌሊት ለማድረስ ማሰብህ ነው። ስለዚህ የሚበላሸው ነገር ሁሉ እዚሁ ደባርቅ ይበላሽ። እዚሁ ጠረጴዛ ላይ እንጨርሰው።

አሁን ስትሰካው ምን እንደሚሆን ልንገርህ፤ ይህን ካወቅህ መገመት ትተዋለህ። ተራው የዩኤስቢ ገመድ ውስጥ አራት ሽቦ አለ። ሁለቱ ፓወር ነው የሚወስዱት፤ 5 ቮልትና ግራውንድ። ሁለቱ ዳታ ነው የሚያመላልሱት፤ ዲ ፕላስና ዲ ማይነስ ይባላሉ። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ቦርድ ፓወር ሲያገኝ ዲ ፕላስን በ1.5 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ወደ 3.3 ቮልት ይስበዋል። ኮምፒውተሩ አንድ ነገር መሰካቱን የሚያውቀው ያ መስመር ከፍ ሲል አይቶ ነው። ከዚያ ደጁ ላይ እንግዳ እንደመጣበት ባለቤት «ማነህ?» ይላል። ቦርዱም የሠሪውን ቁጥርና የዕቃውን ቁጥር ይናገራል፣ አድራሻ ይቀበላል፣ ምን ያህል ከረንት እንደሚፈልግም ያሳውቃል። በዩኤስቢ 2.0 ደንብ እስኪተዋወቁ ድረስ 100 ሚሊ አምፒር፣ ከተፈቀደለት በኋላ እስከ 500 ሚሊ አምፒር ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ዊንዶውስ ቁጥሩን አይቶ ድራይቨር የሚፈልግለት። ድራይቨሩ «ኮም 3» ወይም «ኮም 7» የሚል ስም ያወጣለታል። ያንተ ፕሮግራም በዚያ ስም ይከፍተዋል። አየህ፣ «አፕሎድ» የምትላት ነገር ከዚህ ሁሉ በኋላ የምትመጣ ናት።

እንግዲህ የትኛው ላይ እንደቆመ ኮምፒውተሩን ጠይቀው። ዲቫይስ ማኔጀርን ክፈት። ዓይንህን ከዝርዝሩ ሳትነቅል ገመዱን ንቀል፣ ትንሽ ቆይና ሰካ። ድምፁንም አዳምጥ።

አየህ? ድምፅ የለም። ዝርዝሩም አልተንቀሳቀሰም። ቦርዱ ላይ ያለችው መብራት ግን በርታለች። ይህ ማለት 5 ቮልቱ ደርሷል፣ ዲ ፕላስና ዲ ማይነስ ግን አልደረሱም። ስልክህን ቻርጅ ያደረገልህ ገመድ ይህ ነው! ከሱቅ የምንገዛው ርካሽ ገመድ ብዙውን ጊዜ ለቻርጅ ብቻ የተሠራ ነው፤ ውስጡ ሁለት ሽቦ ብቻ ነው ያለው። ተበጥሶ የተጣለ ገመድ ካገኘህ በምላጭ ልጠህ እየው። ሙሉው ቀይ፣ ጥቁር፣ አረንጓዴና ነጭ ሽቦ ይኖረዋል፤ የቻርጁ ቀይና ጥቁር ብቻ ይዞ ባዶ ነው። ርካሾቹ በቀለሙ ላይ እንኳ አይታመኑም፤ ስለዚህ ቀለም አይተህ አትበይድ፣ በቴስተር ለካ።

ሱቅ ውስጥ ገመድ መፈተን ቀላል ነው። ላፕቶፕህን ይዘህ ሂድ፤ ስልክህን በገመዱ ሰካና ፋይል ለማየት ሞክር። ፎቶዎችህ ኮምፒውተሩ ላይ ከመጡ ዳታ ያመላልሳል። ስልኩ ፋይል ላስተላልፍ ወይ ብሎ ሳይጠይቅህ ቻርጅ ብቻ ካደረገ አትግዛው። ባለሱቁ «ኦሪጅናል ነው» ቢልህም አትግዛው። የፈተንከውን ገመድ ጫፉ ላይ ቀይ ናስትሮ ጠምጥምበት፣ ከቤት ሰውም ደብቀው። ይህን የምልህ ከልቤ ነው፤ ቤት ውስጥ ደህና ገመድ ካለ ማታ የሆነ ሰው ስልክ ላይ ታገኘዋለህ።

ርዝመትም አለ። ደንቡ ለዩኤስቢ 2.0 ገመድ 5 ሜትር ድረስ ይፈቅዳል፤ ያ ግን ወፍራምና በደንብ የተሠራ ገመድ ነው። ቀጭኑ ገመድ ሲረዝም 5 ቮልቱ ቦርዱ ጋ ሲደርስ ይወርዳል። እኔን ከሰማኸኝ ከአንድ ሜትር ያልበለጠ ግዛ። ታይፕ ሲ ቦርድ ከገዛህ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። አንዳንዱ በሁለቱም ጫፍ ታይፕ ሲ በሆነ ገመድ ስትሰካው ጭራሽ መብራት እንኳ አይበራም፤ በድሮው ሰፊ ጫፍ ስትሰካው ይሠራል። ታይፕ ሲ እርስ በርስ ሲገናኝ ኮምፒውተሩ ፓወር የሚለቀው ቦርዱ ላይ 5.1 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮችን ሲያይ ነው፤ አንዳንድ ርካሽ ቦርዶች ላይ አምራቹ ይተዋቸዋል። ቦርዱ ሞተ ብለህ አትጣለው፣ ገመዱን ቀይርለት።

ገመዱን ቀየርክ? ሰካው። አሃ፣ ድምፅ ሰጠ። ተመልከት ምን እንዳለ፤ «ያልታወቀ የዩኤስቢ ዕቃ» ብሎ ኮድ 43 ቢጽፍልህ ኖሮ ኮምፒውተሩ መሰካቱን አይቷል፣ «ማነህ?» ብሏል፣ መልሱ ግን ተኮላትፎ ደርሶታል ማለት ነው። ያን ጊዜ ጥርጣሬህ የላላ ሶኬት፣ የተጎዳ ገመድ ወይም የወረደ ፓወር ላይ ይሁን። ዴስክቶፕ ከሆነ ከፊት ያለውን ቀዳዳ ትተህ ከኋላ ሰካ፤ የፊቱ በኬዙ ውስጥ በቀጭን ገመድ ተጎትቶ የመጣ ነው፣ የኋላው ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ነው። ማውስ፣ ኪቦርድና ፍላሽ የተሰኩበት ማከፋፈያ ላይም አትሰካ፤ የራሱ ፓወር ከሌለው ያችኑ 500 ሚሊ አምፒር ነው ሁሉም የሚሻማት። ቦርዱ ላይ ያለውን የማይክሮ ሶኬት ደግሞ ጎንበስ ብለህ በባትሪ እየው። አቧራ ካለው ነቅለህ፣ በደረቅ የእንጨት ስንጥር ቀስ ብለህ አውጣ። ሶኬቱ ሲነካ የሚወዛወዝ ከሆነ ብየዳው ለቋል፤ አምባራስ ይዘኸው እንዳትወጣ።

ያንተ ግን 43 አላለም። ስም ሰጥቶት ቢጫ ምልክት አድርጎበታል። ይህ ጥሩ ዜና ነው፤ ተዋውቀዋል፣ የጎደለው ድራይቨር ነው። ስሙ ላይ በቀኝ ክሊክ አድርግና ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ዲቴይልስ፣ ከዚያ ሃርድዌር አይዲ የሚለውን ክፈት። ሁለት ቁጥር አለ አይደል? ጻፋቸው። 1ኤ86 እና 7523 ከሆነ ሲኤች340 የሚባለው የቻይና ቺፕ ነው፤ ገበያ ላይ ያሉት ርካሽ የአርዱይኖ ቅጂዎች አብዛኞቹ ይህን ነው የሚይዙት። 10ሲ4 እና ኢኤ60 ከሆነ የሲሊከን ላብስ ሲፒ2102 ነው፤ ኢኤስፒ32 ቦርዶች ላይ ብዙ ታየዋለህ። 0403 እና 6001 ከሆነ ኤፍቲዲአይ ነው። በ2341 የሚጀምር ከሆነ ራሱ አርዱይኖ ነው። ቦርዱ ላይ ምን እንደተጻፈ፣ ሻጩ ምን እንዳለህ ተወው፤ እውነቱን የሚነግርህ ይህ ቁጥር ነው። ድራይቨር ስትፈልግም በቁጥሩ እንጂ «አርዱይኖ ድራይቨር» ብለህ አትፈልግ፤ አለዚያ ቫይረስ ነው የምታወርደው።

ስለ ቅጂ ቺፕ ካነሳን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2014 የሆነውን ልንገርህ። ኤፍቲዲአይ በዊንዶውስ አፕዴት በኩል አዲስ ድራይቨር ለቀቀ። ድራይቨሩ የኩባንያውን ቺፕ አስመስለው የተሠሩትን ሲያገኝ የዕቃ ቁጥራቸውን ዜሮ ያደርገው ነበር። የሰው ቦርድ በአንድ ሌሊት የማይታይ ሆኖ አደረ፤ የገዛው ሰው ደግሞ ቅጂ መሆኑን እንኳ አያውቅም። ጩኸቱ ሲበዛ ድራይቨሩ ተነሳ። ፕሮሊፊክ የሚባለውም ኩባንያ አዳዲስ ድራይቨሮቹ የድሮና የቅጂ ቺፖችን አይቀበሉም፤ ኮድ 10 ብለው ይቆማሉ። እኔ በዚህ ነገር አምራቹን ሙሉ በሙሉ አልደግፍም፤ ገበሬው ማሳ ላይ ያለ ዕቃ በማያውቀው ጠብ ሊሞት አይገባም። ላንተ የሚበጀው ትምህርት ይህ ነው፤ ዛሬ የሚሠራልህን ድራይቨር ፍላሽ ላይ ገልብጠህ አስቀምጥ። ትናንት ሠርቶ ዛሬ እምቢ ካለህም ዊንዶውሱ በሌሊት አዲስ ድራይቨር ጭኖ እንደሆነ እይ፤ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ወደ ቀድሞው መመለሻ አለ።

ዩኒቨርሲቲ ላብ ወይም ጓደኛህ ጋ ኡቡንቱ ላይ የምትሠራ ከሆነ ድራይቨሩ ከነሲስተሙ አለ፤ እዚያ የሚያስቸግረው ሌላ ነው። ቦርዱ «ቲቲዋይ ዩኤስቢ 0» ሆኖ ይታያል፣ ስትከፍተው ግን ፈቃድ የለህም ይልሃል። የተጠቃሚ ስምህ «ዳያልአውት» የሚባለው ግሩፕ ውስጥ ይግባ፤ ከዚያ ወጥተህ እንደገና ግባ። ኡቡንቱ 22.04 ላይ ሲኤች340 ብቅ ብሎ ወዲያው የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ «ቢአርኤልቲቲዋይ» የሚባል ፕሮግራም ነው የሚነጥቅህ። የዓይነ ስውራን የብሬል መሣሪያ መስሎት ነው፣ ቁጥሩ ስለተመሳሰለበት። ማውጣት ይቻላል፤ ግን የላብ ኮምፒውተር ከሆነ በብሬል የሚጠቀም ተማሪ እንዳለ ሳትጠይቅ አታውጣ።

በል፣ ድራይቨሩ ገባ። ኮም 5 አለህ። አሁን አፕሎድ በለው።

እምቢ አለ? አትናደድ፤ የቀረችው ትንሽ ነች። መጀመሪያ የከፈትከውን ሁሉ ዝጋ። ያ ከታች የተከፈተው ሲሪያል ሞኒተር ፖርቱን ይዞታል፤ አንድን ኮም ፖርት ባንድ ጊዜ አንድ ፕሮግራም ብቻ ነው የሚይዘው። ከዚያ በላይ ያለውን ሜኑ እይ፣ ኮም 3 ላይ ነው እንዴ ያስቀመጥከው? ሲኤች340 የራሱ መለያ ቁጥር ስለሌለው ሌላ ቀዳዳ ላይ ስትሰካው ዊንዶውስ ሌላ ዕቃ መስሎት ሌላ ቁጥር ይሰጠዋል። ሁልጊዜ አንዱ ቀዳዳ ላይ ሰካ፤ እዚያም ናስትሮ ለጥፍ።

አሁንም እምቢ? እስኪ ቦርዱን ወደ እኔ አዙረው። ይኸውልህ፣ ኤስኤምኤስ የሚልከውን የሲም ሞጁል ፒን 0 እና ፒን 1 ላይ ነው የሰካኸው። እነዚህ ሁለት ፒኖች የዩኤስቢው ቺፕ ከዋናው ቺፕ ጋር የሚያወራባቸው ናቸው። ኮምፒውተሩ ኮድ ሲልክ ሞጁሉም መሃል ገብቶ ያወራል፤ ማን እንዳለ አይለይም። ሁለቱን ሽቦ ነቅለህ ላክ። ገባ? ገባ። ሽቦዎቹን ወደ ሌላ ፒን አዛውርና በሶፍትዌር ሲሪያል ተጠቀም፤ እየነቀልክ እየሰካህ አትኖርም። ኢኤስፒ32 ቢሆን ኖሮ «ኮኔክቲንግ» እያለ ነጥብ ሲደረድር ቡት የምትለዋን ቁልፍ ተጭነህ መያዝ ነበር የሚያስፈልግህ።

ሞኒተሩ ላይ ፊደሉ ሁሉ ጥያቄ ምልክትና ሳጥን ሆኖ ከመጣ ደግሞ ፍጥነቱን አመሳስል። ኮዱ ውስጥ 9600 ብለህ ሞኒተሩን 115200 ላይ አድርገኸዋል። አንድ አድርጋቸው፣ አለቀ።

አሁን ልብ ብለህ የምትሰማኝ ጋ ደረስን። ኤስኤምኤስ ላክ በለው። ዓይንህን ሞኒተሩ ላይ አድርግ… ይኸው፣ መላክ ሲጀምር ዊንዶውሱ የመነቀል ድምፅ ሰጠ፣ ፖርቱ ጠፋ፣ ቦርዱም እንደገና ተነሳ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ ኮዱን ይቀይራል፣ ወይ ቦርዱን ይጥላል። ነገሩ ግን ከረንት ነው። ያ ሲም800ኤል ሞጁል ኔትወርክ ሲያናግር ለቅጽበት እስከ 2 አምፒር ይስባል። የላፕቶፑ ቀዳዳ ቃል የገባልህ 500 ሚሊ አምፒር ነው። ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ዋናው ቺፕ ይጠፋል፣ ዩኤስቢውም ይበጠሳል። ኢኤስፒ32 ላይ ቢሆን «ብራውንአውት» የሚል ቃል ጽፎልህ ነበር የሚነሳው። እንደ አምባራስ ባሉ የኔትወርክ ምልክቱ ደካማ ሊሆን በሚችልባቸው ቦታዎች ደግሞ ሞጁሉ ጮክ ብሎ ነው የሚልከው፤ ያኔ የበለጠ ይስባል። ደባርቅ ከተማ መሃል አንዴ ስለሠራልህ አትመን።

መድኃኒቱ ለሞጁሉ የራሱን ፓወር መስጠት ነው። ከ3.4 እስከ 4.4 ቮልት ነው የሚፈልገው፤ 5 ቮልት በቀጥታ አትስጠው። ባለ 3.7 ቮልት ደህና ሊቲየም ባትሪ ይበቃዋል፤ ሙሉ ሲሞላ 4.2 ስለሚሆን ልኩ ውስጥ ነው። ሞጁሉ እግር ሥር 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር አድርግ፤ ሽቦውን አሳጥረው፣ አወፍረው። የባትሪውን ኔጋቲቭ ከቦርዱ ግራውንድ ጋር አገናኝ፤ ግራውንዳቸው ካልተገናኘ አይግባቡም። ፖዘቲቩን ግን ከዩኤስቢው 5 ቮልት ጋር እንዳታገናኝ። ሳጥኑ በሶላርና በባትሪ እየሠራ ሳለ ላፕቶፕ ስትሰካበት አንዱ ወደ ሌላው ከረንት ይገፋል፤ የቦርዱ 5 ቮልት ፒን ላይ በቀጥታ ከውጭ የምትሰጥ ከሆነ ላፕቶፕህን ልትጎዳው ትችላለህ። የላፕቶፑ ቀዳዳ ድንገት ጭራሽ ከሞተብህ ሁሉንም ነቅለህ ላፕቶፑን አጥፍተህ አስነሳው፤ ብዙዎቹ ራሳቸውን ለመከላከል ነው የሚዘጉት።

ሌላ ነገር። ላፕቶፕህን ቻርጀር ላይ ሰክተህ ብረቱን ስትነካው እንደ መንዘር ይላል አይደል? ግራውንድ የሌለው ሶኬት ላይ ስለሰካኸው ነው። ያ የሚነዝርህ ነገር በዩኤስቢው በኩል ወደ ቦርዱም ይሄዳል፤ ቦርዱ ደግሞ በሌላ ቻርጀር ፓወር ላይ ካለ መሃል ላይ ፖርቱ ያለምክንያት ይቆራረጣል። መብራት ሄዶ ጀነሬተር ሲነሳ ይብሳል። ቦርድ የምትሰካ ጊዜ ላፕቶፑን በራሱ ባትሪ አሠራው። የመቆራረጡ ነገር ከጠፋ ምክንያቱን አገኘኸው።

ወደ ላይ ስትወጣ የምትይዘውን አሁኑኑ ቦርሳህ ውስጥ ክተት። ቀይ ናስትሮ ያለበት ገመድና ተመሳሳይ ትርፍ ገመድ፣ ቴስተር፣ ትንሽ ካቻቢቴ፣ ያው ዓይነት ተጨማሪ ቦርድ ኮዱ ተጭኖበት፣ ድራይቨሮቹና የአርዱይኖው ፕሮግራም ያሉበት ፍላሽ። ኮዱን ደባርቅ ሳለህ ኢንተርኔት አጥፍተህ አንዴ አፕሎድ አድርገው፤ የጎደለ ላይብረሪ ካለ እዚህ ይታወቅ። ላፕቶፑንም ሙሉ ቻርጅ አድርገው።

ማታ ላይ ሳጥኑን ከብርዱ አንስተህ እሳት ወዳለበት ቤት ይዘኸው ከገባህ ወዲያው እንዳትከፍተው። ሙቁ አየር ቀዝቃዛው ብረት ላይ ውሃ ይሆናል፤ ያ ውሃ ሶኬቱ ውስጥ ገብቶ ኮድ 43 ሊያሳይህ ይችላል። እንደተዘጋ አስቀምጠው፣ የቤቱን ሙቀት ሲይዝ ክፈተው።

ይህችን ደግሞ በጣም አደራ። ያ ቦርድ ሲሪያል ሞኒተር በተከፈተ ቁጥር ራሱን ሪሴት ያደርጋል፤ አፕሎድ እንዲመች ተብሎ እንዲያ ነው የተሠራው። አስበው እንግዲህ፣ ሳጥኑ ወር ሙሉ የሰበሰበውን ልታነብ አምባራስ ወጥተህ ገመድ ሰክተህ ሞኒተሩን ስትከፍት ፕሮግራሙ ከመጀመሪያው ይነሳል። ኮድህ ሲነሳ ፋይሉን አዲስ አድርጎ የሚከፍት ከሆነ የወሩን ብርድ በሙሉ ባንድ ክሊክ ሰረዝከው። እስኪ አሳየኝ ኮዱን፤ አሁን ነው ኮድ የሚነካው። ይኸው፣ እዚህ ጋ ፋይሉ ካለ ጫፉ ላይ ቀጥል በለው፣ እንጂ አትሰርዝ። ከፈለግህ ሪሴትና ግራውንድ መሃል 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር አድርግ፣ ሪሴቱ ይቀራል፤ አፕሎድ ስታደርግ ግን ማውጣት አለብህ። ከሁሉም የሚሻለው ግን ዳታውን ሚሞሪ ካርድ ላይ መጻፍና ካርዱን ነቅሎ መገልበጥ ነው። ካርዱን ከመንቀልህ በፊት መጻፍ የሚያስቆም ቁልፍም አድርግለት። ባትሪ ለመቆጠብ የሚተኛ ቦርድ ከመረጥክ ደግሞ፣ የራሳቸው ዩኤስቢ ያላቸው እንደ ኢኤስፒ32 ሲ3 ያሉት ሲተኙ ፖርታቸውም አብሮ ይጠፋል፤ ላፕቶፕህ ላይ ሲታይና ሲሰወር ብታይ አትደንግጥ። መጀመሪያ ሲነሳ ጥቂት ሰከንድ ነቅቶ እንዲቆይ አድርገው፣ ያን ጊዜ ትደርስበታለህ።

አሁን ወረቀት አምጣና የሠራነውን በተራ ጻፈው፤ የትኛው ገመድ፣ የትኛው ቀዳዳ፣ ኮም ስንት፣ ፍጥነቱ ስንት፣ ቺፑ ምን፣ ባትሪው የት እንደሚነቀል። በእንግሊዝኛ አትጻፈው፣ በአማርኛ ጻፈው፤ አንተ ፈተና ላይ ስትሆን ሳጥኑን የሚያየው አምባራስ ያለ ሰው ነው። የቤቱ ልጅ ብትሆን፣ አስተማሪው ቢሆን፣ ማንም ይሁን። ጽፈህ ስትጨርስ እናታችንን ጥራና ወረቀቱን ስጣት። ሳትናገር ቁም። እሷ አንብባ ትስካው፤ የምትቆምበት መስመር ላይ ምልክት አድርግ፣ እሱን መስመር እንደገና ጻፈው።

ተነስ፣ ጥራት። አሁን፣ ገና ቡና ላይ ሳትቀመጥ።